ለውሻ «ጎበዝ» አልልም ብዬ

ወንድሜ ዘመድኩን፣ እዚህ ቶሮንቶ በዊልቸሬ ስወጣ የምታግዘኝ ውሻ ሰጡኝ፤ ዴዚ ትባላለች። በር ትከፍታለች፣ የወደቀ ታነሳለች። ካልተግባባን ግን መልሰው ይወስዷታል፤ እኔም ልጄ ጸዮን ከሥራ እስክትመለስ ቤት መዋሌ ነው።

ትናንት ሊፍቱ ጋ ቁልፌ ወደቀብኝ። በተማረችው እንግሊዝኛ «ፒክ አፕ!»፣ አንሺ ብዬ ጮህኩባት። ቁጭ ብላ ታየኛለች። አብራኝ የነበረችው ጸዮን የውሻዋ አሠልጣኝ ያለቻትን ነገረችኝ፦ «ሲቆጧት ትፈራለች። ደግሞ በሩን ስትከፍትልዎ ጎበዝ አላሏትም።»

«ውሻ አላመሰግንም» አልኩ።

«እንግዲያው ራስዎ ያንሱት፣ አባዬ።»

ጎንበስ ብል እጄ አልደርስ አለ። ሊፍቱም መጥቶ ጥሎን ሄደ። ጎረቤት አለመኖሩን አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጎበዝ፣ ዴዚዬ፤ ፒክ አፕ» አልኳት። ቁልፉን አንስታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትሰማ «ለኔስ?» ትለኝ ነበር።

ዛሬ እኔና ዴዚ ብቻችንን ዳንፎርዝ መንገድ ወጥተን ሙዝ ገዝተን ገባን። እኛ አገር ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አጥር ሲጠብቅ አድሮ ምስጋናው «ሂድ ከዚህ» ነው።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። ፊደሌ የተንጋደደው ዴዚ ክንዴ ላይ ተኝታብኝ ነው። ለባለቤትህ ለጠጂቱ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ውሻህን መቻልንም አንዴ ጎበዝ በለው፤ ሰው ሳያይህ።

ተካልኝ