የቤቴ ወራጅ ለቦዩ ይሁን

በዕድሜዬ ላይ አንዲት ቀን ለመጨመርም ለመቀነስም በሚችለው በአንዱ አምላክ ስም እጀምራለሁ።

እኔ በሰለች ተክለጊዮርጊስ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ፣ የጉድጓድ ቆፋሪው የወልደሩፋኤል ሚስት የነበርሁ፣ ዛሬ እሑድ ሰኔ ፲፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በደብረ ብርሃን ከበሬሳ ወንዝ ዳር ባለው ቤቴ ተኝቼ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። የታመመው ደረቴ ነው እንጂ ልቡናዬ አይደለም። ማን ከአጠገቤ እንደ ተቀመጠ፣ ማን ደፍ ላይ እንደ ቀረ፣ ዝናቡም ከየት በኩል እየመጣ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ማንበብ እችላለሁ፤ ተኝቼ መጻፍ ስለማልችል ግን መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ይጽፉልኛል። ሲጨርሱ ራሴ አነበዋለሁ፤ ያላልሁት ቃል ቢገባበት አስወጣዋለሁ። በመካከል ሌላ ሰው የሚናገረውም እንደ ተነገረ ይጻፍልኝ ብዬአቸዋለሁ።

የሚሰሙኝ እነዚህ ናቸው። የባሌ ወንድም ገብረአማኑኤል፤ ከአልዩ አምባ ጥጥና በርበሬ ጭኖ የሚመጣው፣ ፈትሌን ለብዙ ዘመን የገዛኝ ነጋዴ ሸሪፍ፤ ጎረቤቴ አሰገደች፤ ልጇ ገብረአብ። አሰገደች ወደ ውስጥ አልገባችም። ደፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ለምን እንዳልገባች በቦታው እናገራለሁ።

መሪጌታ "ከቤቱ ይጀምሩ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው" ብለውኛል። ቤቱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

መጀመሪያ የሰው ዕቃ ይመለስ። ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ወንፊት የእኔ አይደለም፤ የሸሪፍ ሚስት የዙቤዳ ነው። ለአንድ ቀን ብዬ ተውሼው ፋሲካ አለፈው። ይውሰድላት፤ ይቅርም ትበለኝ። ይህን ስል ሸሪፍ፣ "ወንፊቱን ከወሰዱ ወዲህ ዙቤዳ ከነገለባው ነው የምታበላኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እንደ በቅሎዬ ወፍሬአለሁ" አለ። ሳቅሁ፤ ሳቁም ሳል ሆነብኝና ጥቂት ቆየን።

ላሚቱ ለአሰገደች ትሁን አልሁ። አሰገደች ከደፉ ላይ ሆና፣ "ላምሽን አልጠየቅሁሽም" አለች።

"ለልጅ ልጅሽ ወተት ነው" አልኋት።

እምቢ አላለችም። እምቢ አለማለቷን መሪጌታ እንዲጽፉ አዝዣለሁ።

ዳዊቴም ለዚያችው ለገብረአብ ሴት ልጅ ይሁን። ፊደል የለየሁት በአጥር ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ከየኔታ ግቢ ጋር ይዋሰን ነበርና፣ ጥጥ እየፈተልሁ ተማሪዎቹ የሚሉትን ከወዲህ ሆኜ እላለሁ። እናቴ ብቻዬን የማወራ መስሏት ጠበል አስጠምቃኛለች። በኋላ ይህን ዳዊት ሳገኝ የአጥሩን ድምፅ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አገጣጠምሁት። ከሰው ሁሉ የተለየሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ማንበብ ትማር። ያነበበችውንም ትመን። እኔ ማንበቡን ተምሬ ማመኑ ቀርቶብኛል።

ገብረአማኑኤልን በሚመለከት። ባሌ በሞተ ጊዜ "መካን ናት፤ ቦታው ወደ ወንድሜ ዘር ይመለስ" ብሎ ዳኛ ፊት አቁሞኛል። ያን ቀን ለብሼ የቆምሁት የሐዘን ልብሴን ነበር፤ እሱም አጠገቤ ቆሞ አላየኝም። ዳኛው ለእኔ ፈረዱ። ዛሬ ግን ቦታውን በፈቃዴ እሰጠዋለሁ። ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ እነሱ አልበደሉኝም።

አሁን ወደ ቤቱ እመጣለሁ።

ባሌ ወልደሩፋኤል በእህል ጉድጓድ ቆፋሪነቱ ስሙ እስከ ጫጫ ድረስ ይጠራ ነበር። በ፲፱፻፲፮ ዓመተ ምሕረት ክረምት ሊገባ ሲል፣ አንድ የውጭ አገር ግንበኛ ከበሬሳ ውሃ ወደ ወፍጮ የሚወስድ ቦይ ሊያስቆፍረው ተዋዋለው። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ መጣ። ባሌ ፊደል ስለማያውቅ እኔ አነበብሁለት። ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ቦዩ ከሰው ወገብ ሲያልፍ ግራና ቀኙ በእንጨት ይደገፍ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳም እንጨት በአግድም ይወጠር። የወጣው አፈር ከቦዩ አፋፍ ርቆ ይከመር። ዝናብ ከጣለ በኋላ የሥራው አለቃ ግድግዳውን ሳይመረምር ማንም አይውረድ። መሰላል ከሚቆፍረው ሰው አጠገብ አይራቅ። እንዲህ ይል ነበር።

ግንበኛው ለድጋፍ የሚሆነውን እንጨት በበሬ አስጎትቶ ላከ። ቀጥ ያለ፣ ወፍራም ባሕር ዛፍ ነበር። በዚያ ወራት የቤታችን ክዳን ጎብጦ ያፈስስ ነበር። "ይህን የመሰለ እንጨት ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል? እኛ እየዘነበብን?" ያልሁት እኔ ነኝ።

ባሌ "ውሉስ?" አለኝ።

"ውሉ የተጻፈው ለፈረንጅ አገር አፈር ነው። የአንተ ጉድጓድ መቼ ተንዶ ያውቃል?" አልሁት።

ሳቀ። መመስገን ይወድ ነበር፤ እኔም ይህን አውቅ ነበር።

እውነት ነው፣ የእሱ ጉድጓድ ተንዶ አያውቅም። የእህል ጉድጓድ ግን ክብ ነው፤ አፉ ጠባብ ነው፤ ዙሪያው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የሚቆፈረውም በበጋ፣ በደረቅ አፈር ነው። ቦይ ሁለት ግድግዳ ነው፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ አይያያዙም። የበሬሳ ዳር ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ውሉ ያውቅ ነበር።

እንጨቱ ወደ ቤቴ መጣ። ይኸው ከራሳችሁ በላይ ክዳኑን የተሸከመው ወራጅ እሱ ነው። ሰው ሁሉ "የበሰለች ክዳን ነፋስ አይደፍረውም" ሲል ቀና እያልሁ ሰምቻለሁ።

በሐምሌ አንድ ቀን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ከባሌ ጋር የሚቆፍረው የአሰገደች ባል ኪዳነ ማርያም "አፋፉ ላይ ስንጥቅ አያለሁ" አለ። "ምነው፣ ሚስትህ ናፈቀችህ?" ብለው ጓደኞቹ ሳቁበት። አፍሮ ወረደ። ግድግዳው ወደቀበት። ባሌ በእጁ ሊያወጣው ሲገባ የወዲያኛው ግድግዳ ደረቱን መታው። ኪዳነ ማርያም ሞቶ ወጣ። ባሌ በሕይወት ወጣ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አልተነፈሰም። የሚቀጥለውን መስቀል አላየም። እስኪሞት ድረስ እዚህ በጀርባው ተኝቶ ያንን ወራጅ ያይ ነበር። ስለ እሱ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ቀጥ ያለ እንጨት ነው" አለኝ።

ለኪዳነ ማርያም ለቅሶ ስሄድ አሰገደች ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንጨቱን ወደ ቤቴ ሲያስገቡ መንደሩ ሁሉ አይቷል። "በሰለች፣ ቤትሽ ያፈስሳል?" አለችኝ። "አያፈስስም" አልሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ የእሷን ደፍ አላለፍሁም፤ እሷም የእኔን። ለባሌ ለቅሶ እንኳ ደጅ ቆማ ተመለሰች። ልጇን ግን አልከለከለችኝም። ገብረአብ ያኔ የወተት ጥርሱን የሚቀይር ልጅ ነበር፤ ግማሹን ዕድሜውን በዚህ ቤት በላ፣ በዚህ ቤት ተኛ። አሰገደች ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠይቄአት አላውቅም። ይቅር በይኝም አላልኋት፤ ይቅር የሚባለው ቃል እንደ ሆነ ነው፣ ይህ ግን እንጨት ሆኖ በራሴ ላይ ቆሟል።

ባለፈው ዓርብ ገብረአብ ሊጠይቀኝ መጣ። ለጣሊያኖች ኩባንያ ካፖ፣ ማለትም የቆፋሪዎች አለቃ ሆኖ፣ ከሰፈራቸው ቆሻሻ ውሃ ወደ ታች የሚወስድ ቦይ ሊያስቆፍር ውል ገብቷል። አስተርጓሚው ያነበበለትን እየሳቀ ነገረኝ። ከወገብ ሲያልፍ ይደገፍ፣ አፈሩ ይራቅ፣ መሰላል ይኑር። ያው ነው።

"እንጨቱን የሚያቀርበው ማን ነው?" አልሁት።

"እኔ።"

"አለህ?"

"ከየት ይምጣ እማማ? ባሕር ዛፉን ጣሊያን ለማገዶና ለምሽግ ቆርጦ ጨረሰው። ደግሞ ይህ የእነሱ ሕግ ለእነሱ አገር አፈር ነው። የእኛ አፈር ይቆማል።"

ያንን ቃል ከእኔ አልሰማውም። እኔ ካገኘሁበት እሱም አገኘው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ ሰኞ ቦዩ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ዝናቡም ይኸው እየጣለ ነው። ቦዩ ለማን እንደሚቆፈር አውቃለሁ፤ በዚያ ላይ እግዚአብሔር ይፍረድ። የሚወርዱት ግን የእኛ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የቤቴ ወራጅ፣ ማገርና ምሰሶ ለገብረአብ ይሁን። ዛሬ ከብርሃን ጋር ይውረድ። ጭስ የጠጣ እንጨት ስለሆነ ምስጥ አልነካውም። የሚወስደውም በዚህ ውል ነው። ሳይደግፍ ሰው አያወርድም። አፈሩን አፋፍ ላይ አይቆልልም። ከዝናብ በኋላ ሳይመረምር አያስገባም። አልወርድም ያለ ሠራተኛ አይባረር፤ ፈራሁ ያለም አይሳቅበት። ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ ከታች ጀምሮ አፈሩ እየተሞላ ይውጣ እንጂ በአንድ ጊዜ አይነቀል። ከዚያም ወደሚቀጥለው ቦይ ይሂድ። አይሸጥ፤ ካልበሰበሰ አይማገድ፤ የማንም ቤት ክዳን አይሁን።

መሪጌታ ብዕራቸውን አኖሩ። "ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ቤት በኑዛዜ አይፈርስም" አሉ።

"እኔ እስክሞት አፈሩ ይጠብቃል?"

"አይጠብቅም።"

"እንግዲያስ ስጦታ ብለው ይጻፉት።" ጻፉት።

ገብረአማኑኤል ተነሣ። "እና ለእኔ ክዳን የሌለው ግድግዳ ልትተዪልኝ ነው?" አለ።

"ዳኛ ፊት የጠየቅኸው ቦታ ነበር፤ ቦታ ሰጠሁህ" አልሁት። ተቀመጠ።

ገብረአብ ግን እምቢ አለ። "እማማ፣ ይተዉኝ። በሰኔ ዝናብ የታመመች እናቱን ክዳን ገፈፈ ልባል? ሲሻልዎት እናወርደዋለን።"

"ነገ መጀመሪያ የሚወርደው ማን ነው?" አልሁት።

"እኔ ነኛ። ካፖው ካልቀደመ ሠራተኛ አይከተልም።"

ይህን ሲል አሰገደች ከደፉ ላይ ተነሣችና ገባች። ወደ እኔ አላየችም። ቀና ብላ ወደ ላይ አየች፤ ብዙ አየች።

"እነዚህ ናቸው?" አለች።

"እነዚህ ናቸው" አልሁ።

"ገብረአብ፣ ተነሥ፤ መሰላል አምጣ።"

"እማዬ፣ እሳቸውስ የት ይተኛሉ?"

"እኔ ቤት።"

መሪጌታ ብዕራቸውን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ይህን አሁን ነው ያስጻፍኋቸው። ከዚያ ሸሪፍ፣ "በቅሎዬ ሥራ ፈትታ ቆማለች። እንጨቱን እሷ ትጎትት፤ ወንፊቱን ግን እኔ በእጄ እይዛለሁ፤ ቢቀደድ ዙቤዳ ከቤት አታስገባኝም" አለ።

ከዚህ በታች ያለው በአሰገደች ቤት የተጻፈ ነው። በቃሬዛ ያመጡኝ ገብረአብና ሸሪፍ ናቸው። ክዳኑ ሲነሣ የእንጨቱን ድምፅ ከዚህ ሆኜ ሰማሁ። እያጉረመረመ ምሰሶውን ከሥሩ የነቀለው ገብረአማኑኤል ነው አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

የሚቀረኝ ጥቂት ነው። የባሌ ዶማ ለገብረአብ ይሁን። ለተዝካሬ ንፍሮ ይበቃል። መቃብሬ ጥልቅ አይሁን፤ ለሞተ ሰው ሲባል ሕያው ሰው ጥልቅ ጉድጓድ አይውረድ።

ቃሌን ራሴ አንብቤዋለሁ። ያልሁት ሁሉ አለበት፤ ያላልሁት የለበትም። ወረቀቱ መካከል ላይ ቀለሙ የተስፋፋው ወረቀቱ ገና እዚያ ቤት ሳለ ክዳኑ ሲከፈት በገባው ዝናብ ነው እንጂ ስርዝ ድልዝ አይደለም።

በሰለች ተክለጊዮርጊስ፣ በእጇ ፈረመች።

ጸሐፊ፣ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ።

ገብረአብ ኪዳነ ማርያም፣ እንጨቱን ከነውሉ ተቀብሎ፣ በአውራ ጣቱ።

ገብረአማኑኤል፣ ቦታውን ተቀብሎ፣ በአውራ ጣቱ።

ምስክር ሸሪፍ፣ ነጋዴ፣ በዐረብኛ ፊደል ስሙን ጽፏል።

ምስክር አሰገደች፣ የኪዳነ ማርያም ሚስት፣ በአውራ ጣቷ። ከስሟ በታች ይጻፍልኝ ያለችው ቃል ይህ ነው፦ ቤቴ አያፈስስም።