የቤዛ ቀኝ እጅ

የሺዬ፣ ዓለሜ፤

ሲሪንቃ ላይ አፈር አልብሼሽ ብቻዬን ወደ መርሳ ከተመለስኩ መንፈቅ ሊሆን ነው። በደህና አረፍሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እኔ እዚህ አላረፍኩም።

መንገዱ ተከፍቷል። ከወልድያ ሚኒባስ ይመጣል፣ ባጃጁም እንደ ድሮው ይተራመሳል። ከጋራዤ የተረፈው ጣሪያው ብቻ ነው፤ መፍቻዎቼን ማን እንደወሰዳቸው እግዜር ይወቀው። አፀደ ሕፃናቱም ተከፍቶ ባንቺ ክፍል ሌላ መምህርት ገብታለች። ደግ ልጅ ናት፤ ግን ባየኋት ቁጥር ሆድ ይብሰኛል።

እንዴት እስቅብሽ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ሕፃን እርሳስ ከመያዙ በፊት ጣቱ ይጠንክር እያልሽ የኔን ትንንሽ ቡሎንና ዳዶ ሰርቀሽ ልጆቹን እያስጠበቅሽ ታስፈቻቸው ነበር። መምህርት አገባሁ ስል ሌላ መካኒክ አገባሁ እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ኋላ ደግሞ ካርቶን ቆርጠሽ፣ በዱቄት ሙጫ ሽምብራ ደርድረሽ ፊደል መሥራት ጀመርሽ። ልጆቹ ሽምብራውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንድ በአንድ እያነሱ ይለጥፋሉ፤ ሲደርቅ ቅርጹን በጣታቸው ይከተላሉ። እጅ መንገዱን ካወቀ እርሳስ አይቸግረውም ትይ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ፊደሉን በላነው። ተኩሱ ከቤት አላስወጣ ሲል፣ እህሉም ሲያልቅ፣ ካርቶኑን ውሃ ውስጥ እየነከርሽ ሽምብራውን አራግፈሽ ቀቀልሽልን። ልጃችን ቤዛ ዛሬ የምንበላው የትኛውን ነው እያለች ትጠይቅሻለች፤ አንቺም የፊደሉን ስም አስጠርተሽ ታጎርሻት ነበር። ለራስሽ በልቻለሁ ትያለሽ። መቼ በላሽ? የስሟ መጀመሪያ የሆነውን ቤን ግን ማንም አይነካም ብለሽ ግድግዳው ላይ ሰቀልሽው።

የስኳር መድኃኒትሽ ሲያልቅ ወልድያ ይገኝ ይሆናል ብለን፣ ቤዛን ለጎረቤታችን ለእትዬ አበበች ትተን በእግር ወጣን። ሲሪንቃ ስንደርስ ደከመሽ። ተቀመጥሽ፤ በዚያው አልተነሳሽም። ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ። ስመለስ ቤዛ እማስ አለችኝ። ወልድያ እየታከመች ነው አልኳት። ለልጅ የእናቷ መርዶ እንዴት ይነገራል? እትዬ አበበችም ትንሽ ቀን ይለፍ፣ አሁን አትንገራት አሉኝ።

ቀኑ አለፈ፤ አፌ ግን አልተፈታም። ትምህርት ሲጀመር ደግሞ ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ቀረ። እርሳስ አትይዝበትም፣ እንጀራ አትቆርስበትም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፤ ወይ ፍንክች! መምህርቷ ድንጋጤው ይሆናል አለች። ግድግዳው ላይ የሰቀልሽው ቤም ሽምብራው ጠፍቶ ባዶ ካርቶን ሆኖ ሳየው አይጥ በላው ብዬ ተናደድኩ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ባለፈው እሑድ በእትዬ አበበች ምክር ጠበል ወሰድኳት። ውሃው ሲወርድባት በብርድ ተንቀጠቀጠችና እጇ ተፈታ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ያየሁት ድንጋዩ ላይ የተበተነውን ሽምብራ ነው። ልጅሽ ተንበርክካ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ፣ ልክ አንቺ እንዳስተማርሻት፣ አንድ በአንድ ለቀመችው። ያ እጅ ምንም አልሆነም፣ የሺዬ። ምንድን ነው ስላት፣ የእማ ነው፣ ሳትበላ እኮ ነው የሄደችው፣ ስትመጣ ይርባታል አለችኝ። መልሳ ጨበጠችው። እልልታው ገና አላቆመም ነበር።

ከወልድያ የመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ለካ በር ላይ የምትወጣው ለዚህ ነው።

መርዶሽን ከኔ በቀር የሚነግራት የለም። ሲሪንቃ ይዣት መምጣቴ አይቀርም። መቃብርሽ ላይ እጇን ትፈታ ይሆናል፤ ከዚያም እርሳስ ትይዝ ይሆናል። ያን ባዶ እጅ ይዤ እንዴት ወደ ቤት እንደምመለስ ግን አላውቅም። አቅሙ የለኝም።

ቤ የነበረበትን ካርቶን አልጣልኩትም። የሙጫው ምልክት አለ፤ በዚህ ቅባት በማይለቀው ጣቴ እከተለዋለሁ። እኔ እስካለሁ ከግድግዳው አይወርድም። ሳትበዪ መሄድሽን፣ ዓለሜ፣ እኔም ልጅሽም አንረሳውም።