የገንዳው ሰማያዊ ሴራሚክ

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? እኛ ደህና ነን፤ የአባዬ ጨዋታም እንዳለ ነው።

አባዬ የአንድ ቤት የመዋኛና የስፓ ገንዳ ሴራሚክ እየሠራ ነው። ሴራሚኩን ሊመርጥ ሱቅ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ፣ ሴራሚኩ ላይ ውሃ አፍስሶ ቆመበትና «ይሄ አያንሸራትትም፤ ለደረጃው ይሁን» አለ። እውነቱን ነው። ለግድግዳው ግን ሰማያዊ ነው ብሎ አረንጓዴውን አስጫነ። ባለሱቁ ዞር ብሎ አየኝ፤ አባቴን በሰው ፊት እንዴት አርመዋለሁ? ግማሹ ከተለጠፈ በኋላ የቤቱ ባለቤት መጥተው «ሰማያዊ አልነበር ያልነው?» ሲሉት፣ ሳቀና «ውሃ ሲሞላ ይታይዎታል» አላቸው። እኔ የሲሚንቶውን ባልዲ አንስቼ ወደማግዘው ሥራ ተመለስኩ።

አባዬ በሰላም ያገናኘን ይልሃል። ከእንግዲህ ፎቶ ከምትልክለት ደውልለት። ባለፈው የላክኸውን ገልብጦ ይዞ «ልጄ ወፍሯል» እያለ ሲስመው ነበር።

እህትህ