የካውያው ውሃ

መጋቢት 3
ዛሬም ላውንደሪ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እረፍት ነው ተባለ... የኔ እረፍት የሰው ሸሚዝ መለየት ነው። ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ የሚሸተው ከሩቅ። አባዬ ማሽኑ ላይ፣ አክስቴ ደንበኛና ሐሜት መቀበያው ላይ፣ አባባ ካውያው ላይ።

አባባ አያቴ ነው። እንደሱ ሱሪ የሚተኩስ አልተፈጠረም። ማን አለ? እሱ አለ። "የሱሪ መስመር የባለቤቱ ቃል ነው። ሁለት መስመር ያለው ሱሪ፣ ሁለት ምላስ ያለው ሰው!" ተወልጄ መጀመሪያ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ጥቁር ሸሚዝ ላይ ላብ ሲደርቅ ነጭ ካርታ ይቀራል። ጨው ነው። የግንበኛው ሸሚዝ ደሴት አለው። የታክሲ ሹፌሩ ረጅም ወንዝ። የአባባ ደግሞ ጀርባው ላይ ሁለት ክንፍ።
"አባባ፣ መልአክ ነህ። ግን አትበርም።"
"ዝም በይ፣ አንቺ ምላጭ!"
እሱ ዘንድ ስሜ ምላጭ ነው።

መጋቢት 6
አዋጅ ወጣ። ጓደኛው ፀጉር አስተካካዩ ደም ግፊት ተገኘበትና ሐኪም ጨው ቀንስ አለው። የታመመው እሱ፣ የደነገጠው አባባ! የራሱ ግፊት ተለክቶ ደህና ነው ተብሏል እኮ። ማን ሰምቶ? የጨው ዕቃውን ከነጨው ለጎረቤት ሰጠ። የማታው ሾርባ... ካልሲ የታጠበበት ውሃ ይሻላል።
"አባባ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ?"
"እሱ የተባለው ለጨው ነው። እኔ ጨው ነኝ?"
ረታኝ። እኔን! ምላጯን!

መጋቢት 9
አዋጁ ክፍል ሁለት አለው። ለካውያው በጀሪካን የምንገዛው ውሃ አለ፣ ማዕድኑ ሁሉ ወጥቶ ያለቀለት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ እንፋሎት መውጫው ላይ ነጭ ድንጋይ እየጋገረ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እኔ ነኝ በመርፌ የምፍቀው። አባባ ዛሬ ያንን ውሃ በጆግ ቀዳና... ጠጣው!
"ካውያው ሆድ ውስጥ ድንጋይ ካልሠራ፣ እኔ ኩላሊት ውስጥ ይሠራል?"
አክስቴ፣ "ኧረ አባባ፣ በፈጠረህ!"
እኔ፣ "እንፋሎት ስታወጣ ንገረን፣ ሸሚዝ እናቀርብልሃለን።"
ፎጣ ወረወረብኝ። ሳተኝ።

መጋቢት 14
ሙቀቱ አይቻልም። እንፋሎቱ ተጨምሮ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። አባባ ጆግ ሙሉ ይጨልጣል፣ ሽንት ቤት ይሮጣል፣ ደግሞ ይጨልጣል። "ውስጤን እያጠብኩ ነው" ይላል። ልብስ ማጠብ አልበቃውም።

መጋቢት 17
ራሱን አመመው። አቅለሸለሸው። "መርዙ እየወጣ ነው" አለ። አንድ ጆግ ጨመረ።

መጋቢት 19
የአባባ ሸሚዝ ላይ ክንፉ የለም።
አገላበጥኩት። በላብ ረጥቦ የደረቀ ነው፣ ግን ጥቁር ብቻ... አንገትጌውን ቀመስኩት። (ይሄን የሚያነብ የለም።) ምንም አይልም። ሰው እንዴት ጣዕሙ ይጠፋል? አልቆበት ነው ወይስ ሰውነቱ የቀረችውን ደብቆ ይዞ?

መጋቢት 20
የደንበኛችን የዳኛው ሱሪ ላይ ሁለት መስመር። አባባ የተኮሰው!
ዓመቱን ሙሉ የምስቅበት ነገር አገኘሁ ብዬ ሱሪውን ይዤ ሄድኩ። "አባባ፣ ዳኛው ሁለተኛ ምላስ አበቀሉ?" ሱሪውን አየው፣ አየው። አልተቆጣም።
"የማን ነው?"
"የዳኛው ነዋ።"
"አይ... አንቺ። የማን ነሽ?"
መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ አባዬና አክስቴ ያንሾካሽካሉ። "ዕድሜ ነው እንግዲህ። ጃጅቷል።" "ካውያውን እንቀበለው፣ ራሱን ሳያቃጥል።" "ካውያውን ከተቀበልነውማ ገደልነው!" "እና ምን ላድርግ?"

ዕድሜ? በወሩ መጀመሪያ በነገር የረታኝ ሰው በዚህ ፍጥነት ይጃጃል? ገባሁባቸው። "ዕድሜ አይደለም፤ ክንፉ ጠፍቷል" አልኩ። አክስቴ ይቺም ለቀቀች በሚል ዐይን አየችኝ። ሸሚዙን ዘረጋሁት። ጨው ማቆሙን፣ ውሃውን፣ ራስ ምታቱን... ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። አባዬ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

መጋቢት 21
የሆስፒታል ኮሪደር። ደሙ ውስጥ ሶዲየም፣ ጨው ውስጥ ያለው፣ ወርዷል፣ በጣም። ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳችን። "ላብ ጨው ይዞ ይወጣል። እሳቸው ጨው አቁመው ውሃ ብቻ መለሱ። ጨው ሲሳሳ ውሃው ወደ ሴሎቹ ይገባል፣ የአንጎል ሴሎችም ያብጣሉ። የተምታታባቸው ለዚህ ነው።"
"የካውያው ውሃ ነው የጎዳው?" አላት አባዬ።
"ዓይነቱ ሳይሆን ብዛቱ። የቧንቧም ቢሆን ያው ነበር።"
አክስቴ፣ "አሁኑኑ ጨው እናልሰው?"
"በፍጹም! በፍጥነት ከተመለሰ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። እየለካን፣ በዝግታ።"

ግሉኮስ የምንለው ከረጢት ተሰቅሏል። ግን ጨው ነው አሉኝ። ጠብ... ጠብ... ውሃ ይመስላል። እዚያች ጠብታ ውስጥ ነው አያቴ ያለው? እጅ የሚነሳው፣ ልብ የሚመታው፣ ሐሳብ የሚታሰበው ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ካልሲየምም፣ በሴል በር ሲገቡና ሲወጡ ነው አለች ሐኪሟ። የድንጋይ ነገር! እኔ በመርፌ የምፍቀው ነጭ ነገር ዘመዶች እኛ ውስጥ ተቀምጠው ሱሪ ይተኩሳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ምላጭ የሚል ስም ያወጣሉ?

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባላል። እኔም ስስቅ ነበር።

መጋቢት 22
ገና አላወቀኝም።

መጋቢት 24
ወንዱ ነርስ ክንዱን ሊያይ መጣ። አባባ ግን የነርሱን ሱሪ ያያል። ዝቅ ብሎ... ደግሞ ዝቅ ብሎ...
"ልጄ፣ ይሄን የተኮሰልህ ጠላትህ ነው?"
ነርሱ ደነገጠ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
"ምላጭ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትነፋረቂው?"
ምላጭ አለኝ።

ሚያዝያ 8
ካውያው ላይ ተመለሰ። የጨው ዕቃውም ከጎረቤት ተመልሷል (ባዶውን፣ ጨርሰውታል)። አባባ አሁን አዲስ ስብከት ጀምሯል። "ውሃም ልክ አለው! ጨውም ልክ አለው!" ፀጉር አስተካካዩን ሊያስተምር ሄዶ "እኔ መቼ አቁሙ አልኩ፣ ቀንሱ ነው የተባልኩት" ተብሎ ተመለሰ። ደስ ሲል!

ምሳ ላይ አንዲት የጨው ቅንጣት ጣቴ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ ያዝኳት። ጎን አላት፣ ጥግ አላት፣ ትንሽ የመስታወት ቤት። ስንት ጊዜ ሳላያት በላኋት?
"ምን ታያለሽ?"
"አባባ፣ እኔ ጨው ነኝ ወይ ብለኸኝ ነበር።"
"መቼ?"
"ጨው ከቤት የወጣ ቀን።"
"እና?"
"ነህ። ትንሽ።"
"አፍሽን!" አለና ሾርባውን ቀመሰ። ከዚያ ማንኪያውን አፉ ውስጥ ትቶ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

የዳኛው ሱሪ ዛሬ ሄደ። አንድ መስመር፣ ምላጭ የመሰለ።

ስንዘጋ የሚታጠብ ልብስ ለየሁ። የአባባ ጥቁር ሸሚዝ ከሥር ነበር። ጀርባውን ወደ መብራቱ ዘረጋሁት። ነጩ ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ገና አልሞላም። ግን ሁለት ናቸው፣ ግራና ቀኝ።

አላጠብኩትም።