ከዘይት በርሜሉ በላይ ስለተሰቀለው ባለቤቴ

ለተከበሩ ዶክተር ጋስቶን ቴሊዬ
የ«ጤናማ ድስት» ዘመቻ ሊቀመንበር
ኪዩርፒፕ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የልብዎ ምት፣ የደምዎ ግፊት፣ የወገብዎ ልክ ሁሉ እንደ ምኞትዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የኑቬል-ፍራንሷ ሱርሳቲ፣ የሻይ ፋብሪካው ተሸካሚ የራምኬሉን ሚስት፣ ደህና ነኝ ማለት ወግ ስለሆነ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ የሰጠሁት የፊተኞቹን ሦስቱን ቢሮዎ ውስጥ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። በጁን ብርድ በመንደራችን ባለሱቅ በአ-ያን ደጃፍ ቆመው፣ የረጋ የፓልም ዘይት በጠርሙስ ከፍ አድርገው፣ «እዩት! እዚህ የረጋው ደም ሥራችሁም ውስጥ ይረጋል» ሲሉን ክው ብለን ቀረን። እኛ ሞኞቹ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጠን የምናቀልጠው ብርዱ ያረጋው መስሎን ነበር። ታች ዋና ከተማው ፖርት ሉዊስ ሙቀት ስለሆነ አይረጋም፤ ለካስ የዚያ አገር ሰዎች ሞት የሚባል አያውቁም! ቀጥለውም ከውጭ የሚመጣውን የሱፍ ዘይት እንድንጠቀም መከሩን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አ-ያን ስንት ዘመን የቀዳልን አንድ ዘይት ብቻ ነው፤ እሱም በራሽን የሚመጣለት የበርሜሉ ዘይት። ጎረቤቴ ማርሊን «ዶክተርዬ፣ የሱፉን እርስዎ ቤት መጥተን እንቅዳ?» ብትልዎ ሰዓትዎን አዩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶው። ፎቶ አንሺዎ «አጎቴ፣ ሸሚዝዎን ትንሽ ገለጥ ያድርጉ፣ ለሐኪሙ ነው» ሲለው፣ ራምኬሉን ከሐኪም የሚደበቅ ገላ የለም ብሎ ገለጠ። የረጋውን ጠርሙስ ያዝ ሲሉት ያዘ። ሳቀም፤ የዋህ ነበር። ወር ሳይሞላው ያ ሆድ፣ ያ ጠርሙስና ያ ሳቅ ግድግዳ አክሎ፣ «ይህ ሰው ራሱን እየገደለ ነው» የሚል ጽሑፍ ታትሞበት መጣ። የተሰቀለውም ከራሽን ዘይቱ በርሜል በላይ ነው፤ ሕዝቡ ከታች ይቀዳል፣ ከላይ ይገሠጻል። ዘይቱ ጤና ነው አልወጣኝም። የሚጎዳ ከሆነ በርሜሉን ያንሡት፣ ሰውየውን ይተዉት!

መንደሩማ ምን ሥራ አለው? «አ-ያን፣ ከራምኬሉን ሥር ግማሽ ሊትር ቅዳልኝ!» ሆነ ቀልዱ። ልጆች «አጎቴ ዘይት» እያሉ ተከተሉት። ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ሲያነሣ ባልደረቦቹ «ቀስ በል፣ እንዳትፈስ!» ይሉት ነበር። መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር፤ በኋላ ተወው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅ ይቅር ይበሉኝ። ያንኑ ሥዕል ጤና ጣቢያውም ውስጥ፣ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ሰቀሉት። ራምኬሉን በየሐሙሱ የልብ ክኒኑን የሚወስደው ከዚያ ነበር። አንድ ሐሙስ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ሱርሳቲ፣ እኔ በአንድ ጊዜ ግድግዳም ላይ አግዳሚም ላይ አልቀመጥም፣ በቃኝ» አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። እኔ ልውሰድለት ብዬ ብሄድ «በሽተኛው ራሱ ይምጣ» ብለው መለሱኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ያን ቀን ነው፤ ሥዕሉን ያውርዱልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም ብዬ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ይህንኑ ነበር የሚለው። ሴፕቴምበር አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ደጃፋችን ላይ ጫማውን እያሰረ ሳለ ወደቀ፤ አልተነሣም። ምናልባት ኩራቱን ውጦ ወደ ጤና ጣቢያው ሊሄድ ቆርጦ ይሆናል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መልስዎ ባረፈ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ሰው ለሟች ጸሎት ተሰብስቦ ሳለ ደረሰን። ልጄ ሳሮጂኒ ለለቀስተኛው አነበበችው። በባለቤቴ ማረፍ ማዘንዎን ገልጸው፣ ሥዕሉ «ትምህርታዊ ዋጋው ስለጨመረ» እንደማይወርድ፣ ጽሑፉ ግን ከእውነታው ጋር እንዲስማማ «ይህ ሰው ራሱን ገደለ» ተብሎ እንደሚታረም አበሠሩን። አማቴ «እንደገና ሊያትሙት ነው እንዴ ልጄን?» ብላ ጠየቀች። እንዲህ ላለው ጥንቃቄዎ ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሣል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የጠራ ደም ሥር፣ ደግሞም ሸሚዝዎን አስገልጦ ገበያ ላይ የሚሰቅልዎ ወዳጅ እንዳያጋጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ሥዕሉን እንዲያወርዱ ለአራተኛ ጊዜ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ከምስጋና ብዛት ቃል ያጠራት
ሱርሳቲ፣ የራምኬሉን ሚስት
ኑቬል-ፍራንስ፣ ኦክቶበር 1986

ማሳሰቢያ፦ ማተሚያ ቤቱ ሥራ ሳይጀምር ጽሑፉን ሰዋስው ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። ግሱን በትክክል አርመዋል፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ግን አሁንም ስሕተት ነው፤ ገዳዩ «ይህ ሰው» አይደለም።