ባዶውን የሚመለሰው ኮዳ

ለተማሪዬ እናት፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን መጠየቅ እንኳ ያሳፍረኛል። ልጅዎ ካረፈች ሠላሳ ሁለት ቀኗ፤ እርስዎ እንደምን ሊሰነብቱ! ቢሆንም ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም። እንቅልፍ ይወስድዎታል? እህል ይቀምሳሉ? ታላቅ እህትዎ አሁንም አብረውዎት ናቸው? ብቻዎን ከሆኑ ይህን ደብዳቤ አጥፈው ያስቀምጡትና እሳቸው ሲመጡ ያንብቡት። ደብዳቤው ይቆያል።

ከቀብሩ በኋላ ቤትዎ ስመጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሁለቱንም እጆቼን ይዘው ሳሙኝ። «ልጄን አራት ዓመት ያገለገሉልኝ እጆች እነዚህ ናቸው» አሉ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ውሃ መጠጣት ለምን እንዳቆመች ነግራኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ሌሊት ቀይሬያት ስመለስ ወገቤን፣ ወገቤን ስል ሰምታኝ ይሆን?» አሉኝ። እኔም ምንም አልነገረችኝም አልኩ። ዋሸሁዎት። ነግራኛለች።

የትምህርት ቤቱን የነርስ ክፍል ያውቁታል። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ጠባቧ ክፍል፣ አረንጓዴ ላስቲክ የለበሰ አልጋ፣ እስከ ጫፍ የማይደርስ መጋረጃ። ልጅዎ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ ላይና ከምሳ በኋላ፣ የወንበሯን ጎማ በእጇ እየገፋች ትመጣለች። እኔና ረዳቴ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን አንስተን እናስተኛታለን። ከወገቧ በታች ስለማይሰማት ሽንቷን በቀጭኗ ቱቦ አስወጣላታለሁ፤ አጥባታለሁ፤ ደረቅ ዳይፐር አደርግላታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ ገላዋን በየቀኑ ለሰው እጅ መስጠት ምን እንደሚያህል ግን በሙያ ትምህርቱ ውስጥ የለም። እሷ ራሷ መላ አበጅታለት ነበር። ገና ጀርባዋ አልጋውን ሲነካ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ዜና ታነባለች። «የሒሳብ አስተማሪያችን ዛሬም ሱሪያቸውን በጠመኔ አስውበው ገብተዋል። ከኋላ ወንበር የተሰማው መጥፎ ድምፅ ባለቤት እየተጣራ ነው።» እየሳቅን ሥራው ያልቃል፤ ማን ምን እንዳየ ሳይታወቅ ሱሪዋ ይታሰራል። ጋዜጠኛዋ ነበር የምንላት።

ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ረዳቴ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ምትክ እንዲሰጡኝ ዳይሬክተሩን ሦስት ጊዜ ለመንኳቸው። እስቲ ለጊዜው ቻይው አሉኝ። ብቻዬን ማንሳት ጀመርኩ። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

አንድ ሰኞ፣ ጉንፋን ትምህርት ቤቱን ባጥለቀለቀበት ሰሞን፣ ትኩሳት ያለበት፣ የሚያስመልሰው፣ አፍንጫው የደማ ልጅ ሁሉ ደጃፌ ላይ ተሰልፏል። ልጅዎ ተቀይራ ሄዳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። አፈትልኮባት ልብሷ ርሷል፤ እንዳይታይባት ሹራቧን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋለች። ቀና ብዬ አየኋትና፣ ያ ሁሉ ልጅ እየሰማ፣ «አሁንም? አሁን አይደል እንዴ የቀየርኩሽ! ምን ያህል ብትጠጪ ነው?» አልኳት።

ይኸው ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከሰልፉ አንድ ሁለቱ ሳቁ። እሷ ይቅርታ አለችኝ። አልጋው ላይ ሆና ጣሪያውን አየች እንጂ ዜና አላነበበችም። ዛሬ ዜና የለም ወይ ብላት፣ ድምፄ ተዘግቷል አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ስትመጣ ዳይፐሯ ደረቅ ሆነ። በቱቦው ጠብ የሚለውም ጥቂት ነው። እኔ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? ጎበዝ አልኳት። ጉንጯን ነካ አድርጌ፣ አደግሽ እኮ አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥራ ቀሎልኛላ። እርስዎም አንድ ጠዋት በር ላይ አግኝተውኝ፣ ሰሞኑን ሌሊትም አትቀሰቅሰኝም፣ ምን አድርገሽልኝ ነው ብለው ሲያመሰግኑኝ፣ ምስጋናውን ተቀብዬ ገባሁ። የፅዳት ሠራተኛዋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ልጅዎ በየቀኑ ከመውጫ ደወል በፊት እጅ መታጠቢያው ጋ ሄዳ ኮዳዋን ትደፋው ነበር። ጠዋት ሞልተው የሰጧትን ኮዳ ባዶውን ሲያዩ ጠጥታዋለች እንዲሉ ነው። ለምን ትደፊዋለሽ ብትላት፣ ሞቆብኝ ነው ብላታለች።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሽንቷ የቆየ ሻይ መስሎ፣ ሽታውም ተለውጦ ወጣ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን ነርስ ነኝ። አየሁት፤ ለእናቷ ነገ እደውላለሁ ብዬ ቱቦውን ጣልኩ። ረቡዕ የክትባት ቀን ነበር። ሐሙስ ረሳሁት። አርብ ያስጠራንዎት ዕለት ግንባሯን ስነካው አቃጥሎኝ እጄን መለስኩ። የቀረውን ያውቁታል። ኢንፌክሽኑ ከኩላሊቷ አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል ብለው ሐኪሞቹ ሲነግሩን አብረን ቆመን ነው የሰማነው። እርስዎ ትከሻዬን ደገፍ አሉ። እኔም ደገፍኩዎት።

ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን ልብስ ሊያመጡ ቤት ሲሄዱ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ እያበስኩ፣ ለምንድነው የኔ ልጅ አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እናንተ እንዳትደክሙ ብዬ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለእናቴ እንዳትነግሪያት አለች። አልነግራትም አልኳት። ይኸው አደራዋን በላሁ።

ደብዳቤውን ለፈለጉት ያሳዩ። ለዳይሬክተሩም ሆነ ለሕግ ቢሰጡት፣ የእጄ ጽሑፍ ነው ብዬ እቆማለሁ። ዳይሬክተሩ በሰልፍ ላይ በሁሉ ፊት ስለ ትጋቴ አመስግነውኛል። ክፍሏን አሁንም በየጠዋቱ እከፍታለሁ። እንደሷ የማገለግላቸው ሌሎች ሁለት ልጆች አሉኝ። ጠጡ፣ እባካችሁ ጠጡ እያልኩ ውሃ ይዤ እቆምባቸዋለሁ፤ ፊቴን እያዩ ይጠጣሉ። ፈርተውኝ ይመስለኛል። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግላቸው አላውቅም። ድካም ፊቴ ላይ ይታይ እንደሆነ በመስታወት አያለሁ። ይታያል።

«እናንተ» የሚለው ቃል ያሳስብዎት ይሆናል። እኔንና የሄደችውን ረዳቴን ማለቷ ነው። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ሌላ ማንንም አይደለም። ስለ ወገብዎ አንዲት ቃል አልወጣትም። ለእናቴ እንዳትነግሪያት ያለችውም እንዳያዝኑ ብላ ብቻ ነው። አመመኝ በማለቷ ደግሞ በእናት አይፈረድም፤ በገዛ ቤትዎ፣ ለብቻዎ ነው ያሉት። እኔ ግን ሰው ፊት ነው የተናገርኳት።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ፈጣሪ እንቅልፍዎን ይመልስልዎ፤ ከዚህ ወዲያ ክፉ አያሳይዎ፤ የሚደግፍዎትን ሰው አያሳጣዎ። እኔን ከጸሎትዎ ቢያወጡኝ አልቀየምም።

የልጅዎ ነርስ