የለቅሶው ድስት

እሑድ፣ የካቲት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ፍሪድሊ

ጠዋት ባሌ ሰይድ መኪናዋን ይዞ ሥራ ከሄደ በኋላ ስልክ ተደወለ። የጓደኛዬ የዘሃራ እናት ደሴ ላይ አርፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ዘሃራ ያለችው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ነው፤ መኪና ላለው ምን አላት! አውቶቡስ ደግሞ በእኛ በኩል አያልፍም።

ልጄ ሂክማ፣ «ማም፣ ጀስት ኮል ሄር» ትለኛለች። ለቅሶ በስልክ ይደረሳል እንዴ? ምስር ወጥ ሠርቼ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ በእግሬ ወጣሁ። ባሌ የሚኮራበት ይሄ ሰፈር መናፈሻ አለው፣ ሐይቅ አለው፣ ላይብረሪ አለው፤ የእግረኛ መንገድ ግን የለውም። የበረዶውን ክምር እየረገጥሁ ትልቁ መንገድ ጋ ስደርስ ጎረቤታችን ፈረንጇ አሮጊት መኪናዋን አጠገቤ አቆመች። መኪናሽ ተበላሽቶ ነው ወይ አለችኝ። እንዳላስረዳት እንግሊዝኛው ከየት ይምጣ? «ኦ፣ ሃኒ!» ብላ ደግፋ አስገባችኝና የቤቴ በር ላይ መልሳ አወረደችኝ። እስክገባ ድረስም ቆማ ጠበቀችኝ። ደግ ሰው ናት፣ ምን ይባላል? አመስግኜ ገባሁ።

ዘሃራ ሰው በገባ ቁጥር ቀና ስትል ሲታየኝ ዋለ።

ሰይድ ሁለተኛ ሥራውን ጨርሶ ሲመጣ መሽቷል፤ ለቅሶ የሚደረስበት ሰዓት አልፏል። ከድስቱ አውጥቼ አቀረብኩለት። ሁለቴ ጎረሰና፣ «እሰይ፣ ዛሬስ እጅሽ ተባረከ! የምን ድግስ ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ።

«የዘሃራ እናት ለቅሶ ነው» አልኩት።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እሱ ምን ያድርግ? ነገም ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ መኪናዋም አብራው ትሄዳለች።